በመንጋ የሚኖሩ ዓሦች ወደ አዲስ የመስተዋት ገንዳ ስለሚገቡበት ሥርዐት

የምድር እንስሳትና የሰማይ ወፎች በየወገናቸው ተሰብስበው እንደሚኖሩ ሁሉ፥ በውኃ ውስጥም ብቻውን መኖር የማይሆንለት ፍጥረት ብዙ ነው። በግ ከመንጋዋ ተለይታ የቀረች እንደ ሆነ፥ መሰማርያው ለምለም ቢሆንም እንኳ ትጮኻለች እንጂ ሣር አትነጭም። እንዲሁም አንዳንዱ ዓሣ ከጓደኞቹ ሲለይ ምግብ ይተዋል፥ ቀለሙ ይደበዝዛል፥ በጥግም ተሸሽጎ ይቀራል። ሰው ይህን ፍጥረት ከወንዙ አውጥቶ በቤቱ ሊያኖረው በወደደ ጊዜ፥ የመንጋውን ሥርዐትና የውኃውን ጠባይ አስቀድሞ መማር ግድ ይሆንበታል። ይህን ሳይማር ያደረገው እንደ ሆነ ግን፥ ለደስታ ያመጣውን ፍጥረት በጥቂት ቀን ውስጥ በገዛ እጁ ይገድለዋል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነገረው፥ በመስተዋት ገንዳ የመንጋ ዓሣ የሚያኖር ሰው ሁሉ መጀመሪያ ስለሚገጥመው ችግር ነው። ችግሩም ይህ ነው፤ የመንጋ ዓሣ ብቻውን መኖር አይችልም፤ አዲስ ውኃ ደግሞ ብዙ ዓሣ በአንድ ጊዜ መሸከም አይችልም። እንግዲህ አንድ ብቻውን ቢገባ በብቸኝነት ይጎዳል፤ ብዙዎቹ ቢገቡ በመርዝ ያልቃሉ። ከእነዚህ ከሁለቱ ጉዳቶች የሚያድነው መንገድ ምን እንደ ሆነ በየተራው ይገለጣል። የዓመቱ ቍጥር ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር የተጻፈ ነው።

ስለ መስተዋት ገንዳ አመጣጥ

ዓሣን ለዓይን ደስታ በኩሬና በሸክላ ዕቃ ማኖር በቻይና አገር ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። በመስተዋት ገንዳ ውስጥ ውኃው ሳይበላሽ ለብዙ ጊዜ እንዲቆይ የማድረግ ጥበብ ግን የተስፋፋው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ የእንግሊዝ የኬሚስትሪ ሊቅ ሁለት ወርቅማ ዓሦችን ከውኃ ሣር ጋራ በአንድ ዕቃ አኖረ። ሣሩም ሲያረጅ ቅጠሉ እየበሰበሰ ውኃውን አበላሸበት። እርሱም የበሰበሰውን የሚበሉ ቀንድ አውጣዎች በጨመረበት ጊዜ ውኃው እንደ ገና ጠራለት። ይህንንም በ1850 ጽፎ ለሊቃውንት ማኅበር አስታወቀ። ከዚያም በ1853 በሎንዶን የአራዊት መኖሪያ ውስጥ ሕዝብ የሚጎበኘው የዓሣ ቤት ተከፈተ። በ1854 ደግሞ ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ የተባለው ጸሐፊ አኳሪየም የሚል መጽሐፍ ስላሳተመ፥ ይህ ስም በብዙ አገር ታወቀ።

ዋሪንግተን ያየው ነገር እውነት ቢሆንም ሙሉ አልነበረም። ዓሣውም፥ ሣሩም፥ ቀንድ አውጣውም በዓይን ይታያሉ፤ ነገር ግን ውኃውን ከመርዝ የማንጻቱን ዋና ሥራ የሚሠሩት በዓይን የማይታዩ ናቸው። ይህም የተገለጠው፥ ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ የተባለ የሩሲያ ሊቅ በ1890 አሞንያን ወደ ሌላ ነገር እየለወጡ የሚኖሩትን ረቂቃን ነፍሳት ለይቶ ባወጣ ጊዜ ነው። የእርሱ ምርመራ በአፈር ላይ የተደረገ ነበረ፤ ይሁን እንጂ በአፈር ውስጥ ያለው ሥርዐት በውኃም ውስጥ አለ። ገበሬ እርሻውን ፍግ ሲያለብሰው አዝመራው እንዲያምር የሚያደርጉት እነዚሁ ረቂቃን፥ በመስተዋቱም ገንዳ የዓሣውን እድፍ ይለውጣሉ።

ስለ መንጋ ዓሣ ጠባይ

ለዚህ ነገር አብነት እንዲሆን ኒዎን ቴትራ የሚባለውን ትንሽ ዓሣ መመልከት ይበቃል። ይህ ዓሣ በደቡብ አሜሪካ፥ በአማዞን ወንዝ ላይኛ ወገን፥ በፔሩና በኮሎምቢያ በብራዚልም ባሉ ገባሮች ይኖራል። ርዝመቱ 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር ነው። ከዓይኑ ጀምሮ በጎኑ የሚያበራ ሰማያዊ መስመር አለው፤ ከዚያም በታች ከሆዱ እስከ ጅራቱ ቀይ መስመር ይታይበታል። በ1936 ጆርጅ ማየርስ የተባለ አሜሪካዊ የዓሣ ሊቅ ስሙንና መልኩን ጽፎ ለዓለም አስታወቀው። የሚኖርበትም ውኃ በዱር ጥላ ሥር የሚያልፍ፥ የረገፈ ቅጠል ነክሮት እንደ ሻይ የጠቈረ፥ ጨውና ኖራ የሌለበት ለስላሳ ውኃ ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ በመደብር የሚሸጠው አብዛኛው ከወንዝ የተጠመደ ሳይሆን፥ በእስያ ባሉ የማርቢያ ስፍራዎች የተፈለፈለ ነው።

ይህ ትንሽ ዓሣ ጥርሱ የሚያስፈራ፥ ቆዳውም እሾኽ የለበሰ አይደለም። ጋሻው መንጋው ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለ፥ የብዙዎቹ ኅብረት ትልቁን ጠላት ያሳፍረዋል። ይህም በሦስት ምክንያት ነው። መጀመሪያ፥ ብዙ ዓይን ባለበት አዳኙ አስቀድሞ ይታያል። ሁለተኛ፥ አዳኙ አንዱን ለመያዝ ሲወረወር ሌሎቹ በፊቱ እየተተራመሱ ዓይኑን ስለሚያደናግሩት፥ አንዱንም ለይቶ መከተል ያቅተዋል። ሦስተኛ፥ ብዙዎች በተሰበሰቡበት አደጋው በእያንዳንዱ ላይ የሚወድቅበት ዕድል ያንሳል።

መንጋው ያለ አዛዥ በአንድነት ሲዞርና ሲመለስ ያየ ሰው ሁሉ ይደነቃል። ዓሣው ጓደኛውን የሚከተለው በዓይኑ ብቻ አይደለም። በጎኑ ከራሱ እስከ ጅራቱ የተዘረጋ የስሜት መስመር አለውና፥ በአጠገቡ የሚዋኘው ሲንቀሳቀስ የውኃውን መነዋወጥ በዚያ ይሰማዋል። በ1976 የታተመ አንድ ምርመራ እንዳስረዳው፥ ዓይናቸው ለጊዜው የተሸፈነ የባሕር ዓሦች በዚህ መስመር ብቻ እየተመሩ ከመንጋው ጋራ አብረው ዋኝተዋል።

እንግዲህ ይህን የመሰለ ፍጥረት በገንዳ ውስጥ ብቻውን ወይም ከአንድ ጓደኛ ጋራ ብቻ የተቀመጠ እንደ ሆነ፥ ዘወትር ጠላት እንደ መጣበት ሆኖ ይኖራል። ጠላት ባይኖርም እርሱ አያውቅም። ፍርሃቱም ምግብ ያስተወዋል፥ ሰውነቱን ያደክመዋል፥ በሽታንም ይጠራበታል። ስለዚህ ከ6 ያነሰ ኒዎን ቴትራ ማኖር አይገባም፤ 10 ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን ግን ይሻላል።

በጠራ ውኃ ውስጥ ስላለው መርዝ

ብዙ ጊዜ የሚሆነው እንደዚህ ነው። አባት ልጆቹን ለማስደሰት ጧት ገንዳ ይገዛል፤ ቀትር ላይ ውኃ ይሞላበታል፤ ማታ 10 ዓሦች አምጥቶ ያገባበታል። ውኃው እንደ ብርሌ የጠራ ነው፤ ዓሦቹም በመጀመሪያው ቀን ያምራሉ። በ3ኛው ወይም በ4ኛው ቀን ግን ወደ ውኃው ፊት ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ ይተነፍሳሉ፤ ክንፋቸውንም ያጥፋሉ፤ ከዚያም አንዱ ከሌላው በኋላ ይሞታል። የቤቱ ሰዎች ምክንያቱ ይጠፋባቸዋል። አንዱ ሻጩ የታመመ ዓሣ ሸጠልን ይላል፤ ሌላው በረዳቸው ይላል፤ ምግብ የሰጠውም ልጅ እኔ ገደልኋቸው ብሎ ያለቅሳል። እውነቱ ግን፥ የገደላቸው በጠራው ውኃ ውስጥ የተሰወረ መርዝ ነው።

መርዙም አሞንያ ይባላል። ዓሣ የበላው ምግብ በሰውነቱ ውስጥ ከተፈጨ በኋላ፥ የሚጣለው ክፍል አብዛኛው በራሱ ግራና ቀኝ ካለው መተንፈሻው አሞንያ ሆኖ ወደ ውኃው ይወጣል። የተረፈ ምግብና ኵስም ሲበሰብስ እንዲሁ አሞንያ ይሆናል። በወንዝ ውስጥ ውኃው ስለሚሄድና ስለሚበዛ ይህ አይጎዳም፤ በገንዳ ግን የሚሄድበት ስለሌለው ይከማቻል። አሞንያ የዓሣውን መተንፈሻ እንደ እሳት ይለበልበዋል። ክፋቱም እንደ ውኃው ጠባይ ነው። ውኃ ኮምጣጣ መሆኑ ወይም አለመሆኑ በሚለካበት ፒኤች በሚባለው መለኪያ፥ ውኃው 8 የሆነ እንደ ሆነ፥ 7 ከሆነው ውኃ ይልቅ መርዛማው የአሞንያ ክፍል ወደ 10 እጥፍ ይጠጋል። ውኃው በሞቀም መጠን ይኸው ክፍል ይጨምራል።

ከዚህ መርዝ የሚያድኑ ባክቴሪያ የሚባሉ ረቂቃን ነፍሳት ናቸው። እነርሱም ሁለት ወገን ናቸው። የመጀመሪያዎቹ አሞንያን ተመግበው ናይትራይት ወደሚባል ነገር ይለውጡታል። ናይትራይትም ራሱ መርዝ ነው፤ ወደ ዓሣው ደም ገብቶ ደሙ አየር እንዳይሸከም ያደርገዋልና፥ ዓሣው አየር በሞላበት ውኃ ውስጥ ሆኖ ይታፈናል፤ ደሙም ወደ ቡና ቀለም ይለወጣል። ሁለተኛዎቹ ደግሞ ናይትራይትን ተመግበው ናይትሬት ወደሚባል ነገር ይለውጡታል። ናይትሬት እጅግ ካልበዛ በቀር ብዙ አይጎዳም፤ ሣሩም ይመገበዋል፤ የቀረውም ውኃው በየሳምንቱ በከፊል ሲለወጥ ይወጣል።

እነዚህ ረቂቃን በአዲስ ገንዳ ውስጥ የሉም ማለት ይቻላል። ቢኖሩም እጅግ ጥቂት ናቸው፤ መብዛታቸውም ዝግተኛ ነው። ሌሎች ባክቴሪያዎች ሁኔታው ሲመቻቸው በግማሽ ሰዓት ውስጥ እጥፍ ሲሆኑ፥ እነዚህ ግን እጥፍ ለመሆን አንድ ቀን ያህል ይፈልጋሉ። ስለዚህ ዓሣውን የሚጠብቀው ሠራዊት ሳይሰበሰብ ዓሣውን ማግባት፥ በሩ ባልተሠራ በረት ከብት እንደ ማሳደር ነው።

ውኃን ስለ ማሟሸት

ባለሞያ ሴት አዲስ ምጣድ በገዛች ጊዜ በዚያው ቀን እንጀራ አትጋግርበትም። አስቀድማ በእሳት ላይ ጥዳ በጎመን ዘር እያሸች ታሟሸዋለች እንጂ። ሳይሟሽ የተጋገረበት እንደ ሆነ እንጀራው ተጣብቆ ይቀራል። አዲስ ገንዳም እንዲሁ ነው። ዓሣ ከመግባቱ በፊት ረቂቃኑ እንዲበዙ ማድረግ ውኃውን ማሟሸት ይባል ዘንድ ይገባዋል። ሥራውም ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። አደራረጉ ቀጥሎ እንደ ተጻፈው ነው።

1ኛ፤ ገንዳው ቢያንስ 60 ሊትር የሚይዝ ይሁን። ትንሽ ገንዳ ለጀማሪ ይቀላል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው፤ ውኃው ባነሰ መጠን መርዙ ፈጥኖ ይበረታል፥ ሙቀቱም ቶሎ ይለዋወጣል። ከታች የታጠበ ጠጠር ይነጠፍበት፤ የውኃ ሣርም ይተከልበት። ሰፍነግ ወይም ስፖንጅ ያለበት ማጣሪያም ይግባበት። ማጣሪያው ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ ይሥራ፤ ምክንያቱም ረቂቃኑ የሚኖሩት በውኃው ውስጥ ተንሳፈው ሳይሆን በሰፍነጉና በጠጠሩ ላይ ተጣብቀው ነው፤ አየርም ይፈልጋሉ። ኤሌክትሪክ ብዙ ሰዓት በሚቋረጥበት ስፍራ ይህን ሥራ የሚጀምር ሰው፥ ማጣሪያው ሲቆም የሚተካ ነገር አስቀድሞ ያዘጋጅ።

2ኛ፤ የቧንቧ ውኃ በሽታ እንዳያመጣ ክሎሪን የሚባል መድኃኒት ይጨመርበታል። ይህ ለሰው ጥቅም ቢሆንም ረቂቃኑንም ዓሣውንም ይጎዳል። ክሎሪን ብቻ ከሆነ ውኃው በተከፈተ ዕቃ አንድ ቀን ያህል እየተናወጠ ሲቀመጥ ይለቃል። በአንዳንድ ከተማ ግን ክሎራሚን የሚባል ስለሚጨመር፥ ይህ በመቀመጥ አይለቅም፤ ለዚሁ የተሠራ ማርከሻ ያስፈልገዋል።

3ኛ፤ ረቂቃኑ ምግብ ይሻሉና፥ ዓሣ በሌለበት ውኃ አሞንያ በልክ ይጨመርላቸዋል። ይህም ሽቱና ሳሙና ያልተቀላቀለበት ንጹሕ አሞንያ መሆን አለበት። መጠኑ ለአንድ ሊትር ውኃ 2 ሚሊ ግራም ነው፤ ስለዚህ ለ60 ሊትር 120 ሚሊ ግራም ይሆናል። ንጹሕ አሞንያ ያላገኘ ሰው ጥቂት የዓሣ ምግብ በየቀኑ ቢጥልበት፥ ምግቡ እየበሰበሰ አሞንያ ይሆናል፤ ይሁን እንጂ ልኩን ለማወቅ ያስቸግራል፥ ጊዜውም ይረዝማል።

4ኛ፤ ሊጥ ያለ እርሾ እንደሚዘገይ፥ ይህም ሥራ ያለ እርሾ ይዘገያል። ጤነኛ ዓሦች ካሉበት ከቆየ ገንዳ የማጣሪያ ሰፍነግ ቍራጭ ቢገኝና በአዲሱ ማጣሪያ ውስጥ ቢገባ፥ ብዙ ረቂቃን አብረው ስለሚመጡ ጊዜው በጣም ያጥራል። ይህ ቍራጭ በመንገድ ሳለ አይድረቅ፤ በቧንቧ ውኃም አይታጠብ። የቆየውን ውኃ ብቻ ቀድቶ ማምጣት ግን ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ እርሾው በውኃው ሳይሆን በሰፍነጉ ላይ ነውና።

5ኛ፤ ቀለሙን እየለወጠ መጠኑን በሚያሳይ መመርመሪያ ውኃው በየሁለት ቀኑ ይመርመር። መጀመሪያ አሞንያው ብቻ ይታያል። ከጥቂት ቀን በኋላ አሞንያው ሲቀንስ ናይትራይት ይወጣል፤ ይህም የመጀመሪያዎቹ ረቂቃን መብዛታቸው ነው። ከዚያም ናይትራይቱ ሲወርድ ናይትሬት ይታያል፤ ይህም ሁለተኛዎቹ መድረሳቸው ነው። አሞንያው ባለቀ ቍጥር እንደ ገና በልኩ ይጨመርላቸው። ውኃው ተሟሸ የሚባለው፥ 2 ሚሊ ግራሙ በተጨመረ በ24 ሰዓት ውስጥ አሞንያውም ናይትራይቱም ባዶ ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ ነው። ውኃው ስለ ጠራ ተሟሸ ማለት አይቻልም፤ የዓይን ምስክርነት በዚህ ነገር አይታመንም።

መንጋው በስንት ጊዜ እንደሚገባ

ቀድሞ ብዙ ሰዎች ውኃውን የሚያሟሹት ጠንካራ የተባለ አንድ ወይም ሁለት ዓሣ አስቀድመው በማግባት ነበረ። ዓሣው በሚያወጣው እድፍ ረቂቃኑ እየበዙ ይሄዳሉ፤ ዓሣው ግን ሳምንታት ሙሉ በመርዝ ውስጥ ይሰቃያል፤ ከሞት ቢተርፍም መተንፈሻው የተጎዳ ሆኖ ይቀራል። ከላይ የተጻፈው መንገድ እያለ ፍጥረትን ለመሞከሪያ ማሰቃየት አያስፈልግም። ይልቁንም የመንጋ ዓሣ ለዚህ ሥራ የሚሆን አይደለም፤ አንዱ ብቻውን ሲገባ በመርዙም በብቸኝነቱም በሁለት ወገን ይጎዳልና።

በደንብ የተሟሸ ውኃ ግን የመጀመሪያውን መንጋ በአንድነት መሸከም ይችላል። በ60 ሊትር ገንዳ 6 ወይም 8 ኒዎን ቴትራ በአንድ ቀን ቢገቡ፥ በየቀኑ የሚያወጡት አሞንያ ረቂቃኑ ቀድሞ ይመገቡት ከነበረው አይበልጥም። እንዲህ በማድረግ የመጀመሪያው ችግር ይፈታል፤ ዓሣው ከጓደኞቹ ጋራ ይገባል፤ ውኃውም አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ይቆየዋል። ከዚህ የሚበልጡትን ለመጨመር የወደደ፥ ሁለት ሳምንት ያህል ይቆይ። በነዚህ ቀኖች አሞንያና ናይትራይት ካልታየ፥ 4 ወይም 5 ሌሎች ቢጨመሩ መንጋው ወዲያው ይቀበላቸዋል።

የመጨረሻው አሞንያ ከተጨመረ በኋላ ዓሦቹ ሳይገቡ ብዙ ቀን መቆየት አይገባም፤ ረቂቃኑ ምግብ ሲያጡ ሥራቸው ይደክማልና። ዓሦቹም በሚገቡበት ዋዜማ የተከማቸው ናይትሬት እንዲወጣ ከውኃው አብዛኛው ይለወጥ፤ ሰፍነጉ ግን አይነካ።

ዓሦቹ ስለሚገቡበት ቀን

ዓሣ ሲገዛ ክንፉ የተዘረጋ፥ ዓይኑ የጠራ፥ ከመንጋው ጋራ የሚዋኝ መሆኑን ማየት ይገባል። በአንዱ ገንዳ ውስጥ የሞተ ወይም የደበዘዘ ካለ፥ ከዚያ ገንዳ ጤነኛ የሚመስለውንም አለመግዛት ይሻላል። ኒዎን ቴትራ በሥጋው ውስጥ የሚራባ፥ ቀለሙን የሚያጠፋና ጀርባውን የሚያጐብጥ የታወቀ በሽታ አለበት፤ ለዚህም የሚያድን መድኃኒት እስካሁን አልተገኘለትም። ስለዚህ ሌሎች ዓሦች ያሉት ሰው አዲሶቹን ከ2 እስከ 4 ሳምንት በተለየ ገንዳ አቆይቶ ጤንነታቸውን ይመልከት። ይህ የተለየ ገንዳም ማጣሪያው የተሟሸ ይሁን።

ዓሦቹ ወደ ቤት ሲመጡ የገንዳው መብራት ይጥፋ። የመጡበት ከረጢት ሳይፈታ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በገንዳው ውኃ ላይ ይንሳፈፍ፤ ይህም ሙቀቱ እንዲስተካከል ነው። ከዚያ ከረጢቱ ተፈትቶ፥ ከገንዳው ውኃ በሲኒ እየተቀዳ በየጥቂት ደቂቃ ይጨመርበት። ለስላሳ ውኃ የለመደ ዓሣ በድንገት ወደ ጨዋማ ውኃ ቢገባ፥ ከጥላ ወደ ፀሐይ እንደ ወጣ ሰው ይደነግጣልና። በመጨረሻም ዓሦቹ በመረብ እየተያዙ ሁሉም በአንድነት ይለቀቁ። የከረጢቱ ውኃ እድፍና በሽታ ሊኖርበት ስለሚችል ወደ ገንዳው አይፍሰስ።

ዓሦቹ በገቡ ጊዜ ቀለማቸው ቢደበዝዝ አያስደንቅም። በፍርሃትና በሌሊት ጊዜ ኒዎን ቴትራ መልኩን ያደበዝዛል፤ ሲረጋጋም መልኩ ይመለስለታል። በመጀመሪያው ቀን ምግብ ባይሰጣቸው አይጎዱም። ልጆችም መስተዋቱን በጣት እንዳይመቱት ይነገራቸው፤ የሚነዋወጠውን ውኃ ዓሣው በጎኑ መስመር ይሰማዋልና፥ ትንሹ ምት ለእርሱ ታላቅ ድንጋጤ ነው።

ከገቡ በኋላ ስለሚደረግ ጥበቃ

ብዙ ዓሣ ከረኃብ ይልቅ በጥጋብ ይሞታል። ምግብ በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፥ ዓሦቹ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሱት ያህል ብቻ ይሰጣቸው። በቤቱ ውስጥ ምግብ የሚሰጥ አንድ ሰው ይወሰን፤ እያንዳንዱ ልጅ ለየራሱ የሰጠ እንደ ሆነ የተረፈው ይበሰብሳል። የውኃው ሙቀት ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲግራድ ይሁን። በየሳምንቱም ከውኃው ሩብ ያህል ተቀድቶ ይፍሰስና፥ ክሎሪን በሌለው፥ ሙቀቱ በተስተካከለ አዲስ ውኃ ይተካ። ማጣሪያው የተደፈነ እንደ ሆነ ሰፍነጉ ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ቀስ ብሎ ይለቅለቅ። በቧንቧ ውኃና በሳሙና ያጠበው ሰው ግን፥ ወር ሙሉ የደከመበትን የረቂቃኑን ሠራዊት በአንድ ሰዓት ይፈጀዋል፤ ገንዳውም እንደ ገና አዲስ ይሆናል።

በመጀመሪያው ወር ውኃው በየሁለት ቀኑ ይመርመር። አሞንያ ወይም ናይትራይት በታየ ጊዜ ሳይዘገዩ የውኃውን እኩሌታ መለወጥ፥ ምግቡንም ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ማቋረጥ ይገባል። በሚቀጥለውም ቀን ተመርምሮ መርዙ ካልጠፋ ይኸው ይደገም። በዚህ ጊዜ አዲስ ዓሣ መጨመር ፈጽሞ አይገባም። የሞተ ዓሣ ቢኖር ወዲያው ይውጣ፤ በውኃው ውስጥ ሲበሰብስ ለቀሩት ሌላ መርዝ ይሆናልና።

ለመምህራን የሚጠቅም ነገር

ይህ ነገር ገንዳ ላለው ሰው ብቻ የሚጠቅም አይደለም። በጅረት ዳር ያደጉ ሽማግሌዎች፥ በጥልቀት የሌለው ውኃ ውስጥ ትንንሽ ዓሦች ተሰብስበው ሲሄዱ፥ የሰው ጥላ ሲወድቅባቸውም በአንድ ጊዜ ሲሸሹ አይተዋል። በጣና ሐይቅም በመንጋ የሚሄዱ ጥቃቅን ዓሦች አሉ። መምህር ተማሪዎቹን ወደ ጅረት ዳር ወስዶ ይህን ቢያሳያቸው፥ ስለ መንጋ የተጻፈውን በዓይናቸው ያነቡታል። ለዚህም ምንም ወጪ አያስፈልግም።

ገንዳ ያለው ትምህርት ቤት ግን ዓሦቹ ከመግባታቸው በፊት ያለውን ጊዜ ራሱን ለትምህርት ያውለው። በሰሌዳ ላይ አራት መስመር ይሠመር፤ ቀን፥ አሞንያ፥ ናይትራይት፥ ናይትሬት ተብሎ ይጻፍበት። ተማሪዎች በየተራቸው ውኃውን መርምረው ቍጥሩን ይሙሉበት። አንዱ ሲወርድ ሌላው ሲወጣ ያዩ ልጆች፥ በዓይን የማይታይ ፍጥረት ሥራውን እንደሚሠራ በቍጥሩ ያውቁታል። ትምህርቱ ለጤናም ይጠቅማል፤ የጠራ ውኃ ሁሉ ንጹሕ እንዳልሆነ የተረዳ ልጅ፥ የምንጩንና የጕድጓዱን ውኃ ስለ ማፍላት የሚነገረውን ምክር በቀላሉ ይቀበላል። ገንዳና ማጣሪያ የሌለው ትምህርት ቤት ግን፥ ዓሣ በጠርሙስ ይዞ ለማሳየት አይሞክር፤ ልጆቹ የሚማሩት የዓሣውን አኗኗር ሳይሆን አሟሟቱን ይሆናልና።

አንድ ነገር ግን ጨርሶ ሊዘነጋ አይገባም። ገንዳው የሰለቸው ሰው ዓሦቹንም ሆነ ሣሩን ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ መልቀቅ የለበትም። ለዓሣው ያዘነ ይመስለው ይሆናል፤ ነገር ግን የባዕድ አገር ፍጥረት በማያውቀው ውኃ ወይ ይሞታል፥ ወይም ደግሞ በዝቶ የአገሩን ፍጥረት ያጠፋል፤ በሽታም ያስተላልፋል። ለዚህም ምስክር የሚሆነው እምቦጭ የሚባለው አረም ነው። የትውልድ አገሩ ያው የአማዞን ምድር ሲሆን፥ ለአበባው ውበት ሲባል ከአገር ወደ አገር ተወሰደ፤ ከገንዳና ከኩሬም ወጥቶ በብዙ አገር ሐይቆችን ሸፈነ። በጣና ሐይቅ ላይም በ2011 ታየ፤ ከዚያም ወዲህ ስንት ገበሬና ስንት ዓሣ አጥማጅ እንደ ደከመበት የአካባቢው ሰው ያውቃል። ዓሣውን ማኖር ያልቻለ ሰው ለሚችል ሰው ይስጠው፤ ወይም ወደ ሻጩ ይመልሰው።

እንግዲህ የዚህ ሁሉ ነገር ፍጻሜው በአጭር ቃል ይነገራል። የመንጋ ዓሣ መንጋውን ይሻል፤ መንጋው የተሟሸ ውኃ ይሻል፤ ውኃውም ጊዜ ይሻል። ከሦስቱ አንዱን ያጐደለ ሰው ሌሎቹን ሁለቱን ቢያሟላም አይጠቀምም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፥ ስድስት ሳምንት መጠበቅ ያቃተው ሰው፥ ዓሦቹን ከቀበረ በኋላ ያንኑ ስድስት ሳምንት ከባዶ ገንዳ ፊት ተቀምጦ ይጠብቃል። የታገሠው ግን፥ ማታ መብራቱ ሲበራ ዐሥሩ ዓሦች ባንድነት ከሣሩ ሥር ወጥተው፥ ሰማያዊውና ቀዩ መስመራቸው እያበራ፥ እንደ አንድ ሰውነት ሲዞሩ ልጆቹን ጠርቶ ያሳያል።